በሁለት ተከታታይ ክሩዝ መካከል ያለችው ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንድ ሳምንት ክሩዝ፣ ማለትም የመዝናኛ መርከብ ጉዞ፣ አልበቃ ብሏችሁ የሚቀጥለውንም ሳምንት በዚያችው መርከብ ላይ ከገዛችሁ፣ በመሃል አንዲት ግራ የምታጋባ ቀን አለች። የፊተኞቹ መንገደኞች ጠዋት ይወርዳሉ፣ አዲሶቹ እኩለ ቀን ገደማ መግባት ይጀምራሉ፣ እናንተ ደግሞ ከወራጁም ከገቢውም አይደላችሁም። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ለሜሪላንድ፣ ለዲሲና ለሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪ ቅርቡ የክሩዝ ወደብ ባልቲሞር ስለሆነ ምሳሌዬ እሱ ነው፤ የማያሚውና የፎርት ሎደርዴሉም አሠራር ብዙ አይለይም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ሰዓቱን የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ስል የመርከቧ ወረቀት 8:00 የሚለው ነው። ይህን ለምን እንዳስቀደምኩ ዝቅ ብላችሁ ስታነቡ ይገባችኋል።

ሁለቱንም ጉዞ ከፍዬ ሳለ ለምንድን ነው ውረድ የምባለው?

ለእናንተ አንድ ረጅም ዕረፍት ነው። ለመርከቧ ግን ሁለት ጉዞ ነው፤ ሁለት የመንገደኛ ዝርዝር፣ ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት ፍተሻ። ከዚህ በታች ያለው መልስ አብዛኛው ከዚህችው የሚመነጭ ነው።

መርከቧ ቤርሙዳ ወይም ባሃማስ ደርሳ ስትመለስ፣ ክፍላችሁን ባትለቁም እንኳ እናንተ ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ እየገባችሁ ነው። የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ማየት አለበት። በር ላይ የመርከቧ መግቢያ ካርዳችሁ በተነበበ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ውስጥ የቀረው ሰው ቁጥር አንድ ይቀንሳል። ዜሮ እስኪደርስ አዲስ መንገደኛ አይገባም፤ ሠራተኞቹም "ዜሮ ካውንት" ይሉታል። አንድ ሰው ሻወር ውስጥ ቆይቶ ከቀረ፣ ውጭ ሻንጣውን ይዞ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እሱን ይጠብቃል።

ቀኑ እንዴት ነው የሚሄደው?

መርከቧ ንጋት ላይ፣ 11 ወይም 12 ሰዓት ገደማ ወደቡን ትጠጋለች። ከ1 ሰዓት ጀምሮ ወራጁ በየቁጥሩ እየተጠራ ይወርዳል። ቁርስ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይዘጋልና አትዘናጉ። እናንተን የሚመለከተው ወረቀት ግን ከዋዜማው ማታ ክፍላችሁ ይደርሳል፤ የት እንደምትሰበሰቡ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዛችሁ። ብዙ ጊዜ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ አንዱ ላውንጅ ወይም ምግብ ቤት ነው የሚጠሯችሁ። እዚያ ስማችሁ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ለሁለተኛው ጉዞ አዲስ ካርድ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ሰሌዳ ከፍ አድርጎ የያዘ ሠራተኛ እየመራ ወደ ተርሚናሉ ያወርዳችኋል። ካሜራ ፊት ቆም ትላላችሁ፣ መኮንኑ ሰነዳችሁን ካስፈለገው ያያል፣ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዜሮን መጠበቅ ነው። አንዳንዴ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ ይፈጃል። ዜሮ ሲባል ከአዲሶቹ ሁሉ ቀድማችሁ እናንተ ትገባላችሁ።

የመርከቧ ትልቅነት ልዩነት ያመጣል። ባልቲሞር የሚመጡት መርከቦች ከቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ ስላለባቸው፣ ድልድዩም ከውኃው በላይ ያለው ክፍተት 186 ጫማ ያህል ስለሆነ፣ የዛሬዎቹ ግዙፍ መርከቦች እዚህ አይደርሱም። ሁለትና ሦስት ሺህ ሰው ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ ማያሚ ላይ እንደ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ያለችውን፣ ሲሞላ ከሰባት ሺህ በላይ መንገደኛ የምትይዝ መርከብ ባዶ ማድረግ ሌላ ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ወረቀቱ "9:45" ይላል። እኔ ማለዳ ፎቶ ለማንሳት ወጣሁና "በወረቀቱ ሰዓት ላውንጁ ጋ እንገናኝ" ብያት ቀረሁ። ሰዓቱ ደረሰ፤ የለችም። በድምፅ ማጉያው ስሟን ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ ግን እንዴት አድርገው! የገዛ ልጇ እኔ እንኳ ያወቅኩት በሦስተኛው ነው። ስፈልጋት ላይ፣ ገንዳው አጠገብ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። "እማዬ፣ እየጠበቁን እኮ ነው!" ስላት ሰዓቷን አየት አደረገችና "ዘጠኝ ከአርባ አምስት አይደል? ገና አምስት ሰዓት ተኩል ይቀረናል፣ ምን ያክለፈልፍሃል?" አለችኝ። ተርሚናሉ ስንደርስ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አጨበጨበልን፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች እኛ ነበርን። እሷ ለክብሯ መስሏት እጅ ነሳች። ከዚያ ወዲህ የወረቀቱን ሰዓት በእስክሪብቶ ሰርዤ በኛ ሰዓት እጽፍላታለሁ።

ክፍሌን እለቃለሁ? ዕቃዬስ?

ለሁለቱም ጉዞ አንድ ክፍል ከያዛችሁ ምንም አትነኩም። ሻንጣው አልጋ ሥር፣ ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ክፍላችሁን ለሚያጸዳው ልጅ ከአንድ ቀን በፊት "እኔ እቀጥላለሁ" ብላችሁ ንገሩት፤ ዝርዝሩ ላይ ቢኖርም መናገሩ አይጎዳም።

ክፍል የምትቀይሩ ከሆነ የታጠፈውን በሻንጣ ትከታላችሁ፤ የተሰቀለው ግን ብዙ መርከብ ላይ ከነማንጠልጠያው ይወሰድላችኋል። የእናቴ ሐበሻ ቀሚስ ባለጎማ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ጥለቱ እየተወዛወዘ በኮሪደሩ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ኋላ ኋላው እሷ፣ እንዳይነካ እየተቆጣች። ካዝናውን ግን ራሳችሁ ባዶ አድርጉት። ፓስፖርት፣ ወርቅና መድኃኒት ከእጃችሁ አይውጣ። አዲሱ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ7 ሰዓት በፊት ስለማይደርስ የሚያስፈልጋችሁን በትንሽ ቦርሳ ያዙ።

ያን ቀን ወደ ከተማ መውጣት ይቻላል? ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ደርሼስ?

መውጣት ይቻላል። ከቡድኑ ጋር መጠበቅ ያልፈለገ ሰው ጠዋት ከወራጆቹ ጋር በኢሚግሬሽን አልፎ፣ የቀጣዩን ጉዞ ካርድ ይዞ ይወጣል። ሲመለስ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ቦርሳው ይፈተሻል። ለእንግዳ መቀበያው አስቀድማችሁ አሳውቁ እንጂ በዝምታ አትሂዱ። ባልቲሞር ላይ የክሩዝ ተርሚናሉ ሎከስት ፖይንት አካባቢ ነው፤ በ1814 እንግሊዞች ደብድበው ያልጣሉት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የተጻፈለት ፎርት ማክሄንሪ ቅርብ ነው። ለሁለት ሰዓት የሚበቃ መልካም ሽርሽር ነው።

ቤት ደርሶ መምጣት ግን አልመክርም። መንገዱ ባዶ ሲሆን ሩቅ አይደለም፣ መቼ ባዶ እንደሚሆን ግን እግዜር ይወቅ። እናቴ እሑድ ስለነበር "ቅዳሴ ደርሰን እንመለስ" ብላ ነበር። ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሰላምታው ሲያልቅ፣ ጸበል ጻድቅ ሲቀመስ መርከቧ የት እንደምትሆን አስቡት። ኩባንያዎቹ የመጨረሻውን የመንገደኛ ዝርዝር ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ለመንግሥት ማስተላለፍ ግዴታቸው ነው፤ መሳፈሪያው ቀደም ብሎ የሚዘጋውም በዚህ ምክንያት ነው። 10 ሰዓት ላይ የምትነሳ መርከብ 9 ሰዓት ላይ በሯን ዘግታ ልትጠብቃችሁ ትችላለች፤ ትናንት ማታ እዚያው አልጋ ላይ ስለተኛችሁ የሚደረግ አስተያየት የለም።

ምን ሰነድ ልያዝ? ለጥየቃ የመጣች እናቴንስ መውሰድ እችላለሁ?

የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ጉዞ ላይ ያለ ፓስፖርት፣ በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መግባት ይፈቀድለታል። ልብ በሉ፦ የልደት ወረቀቱ የአሜሪካ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ተወልዶ ዜግነት ያገኘ ሰው የዜግነት ሰርተፍኬቱን ከመታወቂያ ጋር ይይዛል። እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ ነው የምለው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን የግድ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱንም አብሮ ይያዝ፤ የሚደረስባቸው አገሮች የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው የተለየ ደሴት ከደረሰ የዚያንም የቪዛ ሕግ ለብቻው ማየት ነው።

በጥየቃ ቪዛ ላለ ሰው ነገሩ ጠበቅ ይላል። እያንዳንዱ መመለስ እንደገና አሜሪካ መግባት ነው፤ ሁለት ክሩዝ ማለት ሁለት ጊዜ መግባት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ላይ ሲገባ ሥራውን ጨርሷል። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። የራሴ እናት በእንዲህ ያለ ቪዛ ላይ ብትሆን አልወስዳትም ነበር።

ሰነዱን ስትወርዱ በእጃችሁ ያዙ። በየጊዜው አንድ ሰው ተርሚናሉ ውስጥ ኪሱን ይዳብስና "ካዝና ውስጥ ረሳሁት" ይላል፤ ያኔ የሁሉም ፊት ይጠቁራል።

የገዛሁት ዕቃ ላይ ቀረጥ አለ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሜሪካ ነዋሪ ከውጭ ሲመለስ በተለምዶ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ግን ይህ መብት በ30 ቀን ውስጥ አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ከተጠቀማችሁበት፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የምትፈቀድላችሁ 200 ዶላር ናት። ሰዓት ወይም ጌጥ ልትገዙ ካሰባችሁ የትኛው ሳምንት ላይ እንደምትገዙ አስቡበት። ደረሰኞቹንም አትጣሉ።

ከመርከቧ ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ሳንድዊች በቦርሳ ይዞ መውረድ ክልክል ነው። ተርሚናሉ ውስጥ የሚያሸት ውሻ አለ፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም አያዳላም።

ሒሳቡ፣ ኢንተርኔቱና የመጠጥ ፓኬጁ ይቀጥላል?

አይቀጥልም። የመጀመሪያው ጉዞ ሒሳብ በመጨረሻዋ ሌሊት ተዘግቶ ከባንክ ካርዳችሁ ይቆረጣል፣ ጠዋት አዲስ ይከፈታል። ኢንተርኔትና መጠጥ ለየጉዞው ለየብቻ ይገዛል፤ ቲፕም እንዲሁ። በስጦታ የተሰጠ የመርከብ ክሬዲት (መርከቧ ላይ የምታወጡት ገንዘብ) ካለ እና የማይመለስ ዓይነት ከሆነ በዋዜማው ጨርሱት፤ ወደ ሁለተኛው ሳምንት ይሻገራል ብላችሁ አትተማመኑ።

በዴቢት ካርድ የምትከፍሉ ተጠንቀቁ። ኩባንያው ለዋስትና ገንዘብ ያግዳል፤ የመጀመሪያው እግድ ሳይለቀቅ የሁለተኛው ይመጣና ባንክ ያላችሁ ብር ለጥቂት ቀን የሌለ ይመስላል። ክሬዲት ካርድ ይሻላል።

ስልክ ግን ያን ቀን ነፃነት ነው። ወደቡ ላይ የተለመደው የአሜሪካ ኔትወርክ ይሠራል። በአሜሪካ የብርድ ወራት ባልቲሞር ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ ለመደወል የተመቸ። መርከቧ ስትነሳ ወደ አውሮፕላን ሁነታ መመለሱን ብቻ አትርሱ፣ ባሕር ላይ ያለው የመርከቧ ኔትወርክ ዋጋው አይቀመስም።

የጾም ምግብ ነግሬያቸው ነበር፤ እንደገና ልንገር?

አዎ። ሁለተኛው ጉዞ አዲስ ቦታ ማስያዣ ነው፤ ጠረጴዛችሁም አስተናጋጃችሁም ሊለወጥ ይችላል። ማታውኑ ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማትነኩ ንገሩት። "ጾም" ብሎ ማስረዳት ረጅም ወሬ ነው፤ "ቪጋን" ስትሉ ወዲያው ይገባዋል። ዓሣ የምትበሉ ከሆነም ለይታችሁ ተናገሩ።

አብሮ የሚጠየቅ አለ፦ ወጥተው ሲመለሱ የቡና ምድጃና ዕጣን ይዞ መግባት። አይቻልም። ማሞቂያ ያለው ዕቃና እሳት የሚነካው ነገር ሁሉ በፍተሻው ይያዛል። ጀበናዋን ለጌጥ ካልሆነ ቤት ተዉአት።

የድንገተኛ አደጋ ልምምዱን ደግመን እንሠራለን?

በአብዛኞቹ ኩባንያዎች አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ብትሠሩትም። ዛሬ ብዙ ቦታ ቪዲዮውን አይቶ መሰብሰቢያው ጋ ካርድ ማስነበብ ብቻ ነው። ጥር 2012 በፈረንጆች አቆጣጠር የክሩዝ መርከቧ ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ስትገለበጥ 32 ሰው ሞቷል፤ በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር፤ የዚያን ጊዜ ደንብ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበርና። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲሆን ዓለም አቀፉ ደንብ ተለውጧል። አዲስ ክፍል ከገባችሁ መሰብሰቢያችሁም ሊለወጥ ስለሚችል ቁጥሩን እዩት።

ሁለቱን ጉዞ ለየብቻ ገዝቼ ኩባንያው መልሶ ሊሰርዝብኝ ይችላል?

ይችላል፣ ምክንያቱም የ1886 ሕግ አለ። በውጭ አገር ባንዲራ የምትሄድ መርከብ (የምታውቋቸው የክሩዝ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ናቸው) መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወስዳ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ ማውረድ አትችልም፤ በመሃል ሕጉ "ሩቅ" የሚለው የውጭ ወደብ ካልደረሰች። ከሎስ አንጀለስ ቫንኩቨር፣ ከዚያ በዚያችው መርከብ ከቫንኩቨር አላስካ ስዋርድ ብትገዙ እያንዳንዱ ለብቻው ሕጋዊ ነው፤ ሲቀጠል ግን ከሎስ አንጀለስ አላስካ ይሆናል፣ ካናዳም "ሩቅ" አይባልም። ደቡብ አሜሪካና አሩባ፣ ቦኔር፣ ኩራሳው "ሩቅ" ይባላሉ፤ ባሃማስ፣ ቤርሙዳና ሜክሲኮ አይባሉም። ቅጣቱ በአንድ መንገደኛ ከ700 ዶላር በላይ ነው። ከባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር የሚመለስ ጉዞ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ሁለቱ ጉዞ እንደ አንድ እንዳይቆጠርባችሁ ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን በሌላ መርከብ ግዙት።

ከተመለስን በኋላስ? ያሰለቻል?

ለኔ የሁለቱ ሳምንት ምርጥ ሰዓት እሷ ናት። መርከቧ ላይ ከሠራተኛው በቀር ሰው የለም። ኮሪደሩ ግን ገበያ ነው፤ የክፍሎቹ በሮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ የተገፈፈ አንሶላ እንደ ጤፍ ክምር በየደጁ ተቆልሏል፣ ቫክዩም ይጮኻል። ክፍላችሁ ውስጥ ዕረፍት አታገኙም፣ የሚያጸዱትንም ልጆች ሥራ አታስፈቱ። ላይ ውጡ። ገንዳው ውኃ ላይ አንድ ሞገድ የለም። የመርከቧን ጠርዝ አጥር ተደግፋችሁ ወደ ወደቡ ስታዩ ፎርክሊፍቶች ድንች፣ እንቁላልና የሽንት ቤት ወረቀት በየመደቡ እየተሸከሙ በመርከቧ ጎን ይገባሉ፤ የሳምንት ቀለብ በአምስት ስድስት ሰዓት ውስጥ ነው የሚጫነው። ሱቁና ካዚኖው ባሕር እስክትገቡ ዝግ ነው። ምሳ ግን ይከፈታል፣ ለሩብ ሰዓት ያህልም ከፊታችሁ ሰልፍ የለም።

ሠራተኛው ከወትሮው በላይ ሲሯሯጥ፣ ኩሽና ደጃፍ ቴርሞሜትር የያዙ ሰዎች ካያችሁ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ተቆጣጣሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይነግሩ ይመጣሉ፣ ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ፣ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘች መርከብ ወደቀች ይባላል።

መርከቧ ብትዘገይ ወይም ወደቡ ቢዘጋ?

ጭጋግ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊያዘገይ ይችላል፤ ያኔ ሁሉም ወደኋላ ይገፋል። የከፋውን ባልቲሞር አይታዋለች፦ መጋቢት 26፣ 2024 በፈረንጆች፣ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በዕቃ ጫኝ መርከብ ተመትቶ ሲወድቅ የወደቡ መግቢያ ተዘጋ። ባሕር ላይ የነበረችው ካርኒቫል ሌጀንድ ኖርፎክ ቨርጂኒያ ወርዳ መንገደኞቿን በአውቶቡስ ወደ ባልቲሞር መለሰች። ለሁለት ጉዞ ሙሉ የሚበቃ መድኃኒት፣ ከላዩም የጥቂት ቀን ትርፍ ያዙ የምለው በዚህ ነው።

አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው ላይስ?

ሜዲትራኒያን ላይ በባርሴሎና፣ በማርሴይ፣ በጄኖዋ መንገደኛ በየወደቡ ይሳፈራል ይወርዳል፤ ስለዚህ ዜሮ የሚባል ነገር ብዙም የለም፣ ክፍላችሁ ውስጥ ብትቀሩ ማንም አይነካችሁም። የሸንገን ቪዛ ይዛችሁ መርከቧ ቱርክ ወይም ቱኒዚያ ከደረሰች ግን ተመልሶ የሚያስገባ፣ ከአንድ በላይ መግቢያ ያለው ቪዛ ያስፈልጋል። በፈረንጆቹ ክረምት ከዱባይ የሚነሱትም ላይ በጥየቃ ቪዛ ያለ ሰው ይህንኑ ያስብ።

ዋዜማ ማታ ሁሉም ሻንጣውን በር ላይ ያወጣል። እኔም ላውጣ?

በፍጹም! በር ላይ የተገኘ ሻንጣ ሁሉ ሌሊቱን ተሰብስቦ ጠዋት ወደብ ይወርዳል። አንድ ጎረቤታችን የነበሩ ጋሼ ሰው ሲያወጣ አይተው አወጡ። ጠዋት ያደሩበትን ፒጃማ ለብሰው፣ የመርከቧን ነጠላ ጫማ ተጫምተው፣ ሁለት ሺህ ጥቁር ሻንጣ መሃል ቀይ ሪባን ሲፈልጉ አገኘናቸው። ተገኘላቸው፤ ረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ።